ሁለት እጅ የፈተለው ጋቢ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስደውልልሽ «ካርድሽን አትጨርሺ» እያልሽ ትዘጊብኛለሽ። ይሄ ደግሞ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። የእህቴ ትልቁ ልጅ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ። ከቸኮለ መልሰሽ አስነብቢው።

ከደብረ ብርሃን ለሥራ ስወጣ በአውቶቡሱ መስኮት ያቀበልሽኝን ጋቢ ታስታውሻለሽ? እስካሁን የምለብሰው እሱን ነው። እዚህ እንደ እናንተ አገር አይበርድም። ቢሆንም የጥቅምት ሌሊት ያለ ጋቢ አይታለፍም። ዘንድሮ ጫፉ መተርተር ጀመረ። በመርፌ ልይዘው ሞከርኩ፣ አላማረም። እንዲሁ ሳስብ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አራት ኪሎ አካባቢ የሰፈር ፌስቲቫል እንዳለ ነገረችኝ። ከዓርብ እስከ እሑድ ነው፣ የእጅ ሥራ ባለሙያዎች ይመጣሉ አለችኝ። ሸማኔ አይጠፋም ብዬ ጋቢውን በቦርሳ ይዤ ዓርብ ከሥራ በኋላ ሄድኩ።

ከፒያሳ በእግሬ ነው የሄድኩት። አንቺ የምታውቂው ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል እማዬ። ብትመጪ መንገዱ ይጠፋብሻል። ራስ መኮንን ድልድይን ስሻገር ግን ያኔ እጄን ይዘሽ ያሻገርሽኝ ትዝ አለኝ።

ፌስቲቫሉ አንድ የወጣት ማዕከል ግቢ ውስጥ ነው። ድንኳን ተተክሏል፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ቡና ይፈላል። ድምፅ ማጉያው ግን ጆሮ ያደነቁራል። ባለሙያው ስለ ሥራው ሊያስረዳሽ ሲሞክር የአፉን መንቀሳቀስ ነው የምታዪው። ይሄ በጣም አናደደኝ። ሰው የመጣው የእጅ ሥራ ሊያይ ከሆነ፣ ዘፈኑን ቀነስ ቢያደርጉት ምን ነበረበት?

ከቀጨኔ የመጡ ሸክላ ሠሪ እናቶች ነበሩ። አንዷ ጀበና አንስታ በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ አሰማችኝ። ጤነኛው ይጮኻል፣ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። አንቺም ገበያ ላይ ጆሮሽን አስጠግተሽ እንዲህ ታደርጊ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው እያየን ነው ብዬ ቀሚስሽን እጎትት ነበር። አንድ ጀበና ገዛሁ፣ አንኳኩቼ።

ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ሥዕል ሰቅለዋል። ብር አንጥረኛም አለ፣ መስቀል የሚሠራ። የጠገራ ብር አሳየኝ። ላዩ ላይ 1780 ይላል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ሲታተም ይህ ቁጥር አልተቀየረም አለኝ። ስፌት የሚሰፉት ሴቶች ጋ ትንሽ ቆየሁ። አለላውን፣ ስንደዶውን፣ ወስፌውን ሳይ ቤታችን የገባሁ መሰለኝ። ግን ልነግርሽ የፈለግኩት ስለነሱ አይደለም።

ከግቢው ጥግ፣ ከሁሉም ኋላ፣ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ። ትውልዳቸው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ ነው። በልጅነታቸው ነው ወደ ሽሮ ሜዳ የመጡት። ሽሮ ሜዳ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው ነው የሚሠሩት። እዚህ ግን ግቢው ሲሚንቶ ስለሆነ ሸማ መሥሪያውን በእንጨት ከፍ አድርገው ተክለውታል። «አልለመድኩትም፣ ወገቤን ያዘኝ» አሉኝ። መወርወሪያው ግን ከእጅ እጅ ሲመላለስ ዓይን አይከተለውም።

«አባቴ፣ ይሄን ጫፍ ያበጁልኛል?» ብዬ ጋቢውን ሰጠኋቸው።

አልመለሱልኝም። እጃቸውን ጠረጉና ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። በተተረተረው በኩል ድርቡን ለያዩት። አራት። ነጠላ ሁለት ነው፣ ጋቢ አራት ነው፣ ይሄን አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። ከዚያ አንድ ክር መዘው በሁለት ጣታቸው መካከል አሹት።

«ማን ፈተለው?» አሉኝ።

«እናቴ ናት።»

«ብቻዋን አይደለችም።»

አልገባኝም። በቁመት የተዘረጋው ድር የፋብሪካ ክር ነው፣ በአግድም የገባው ማግ ግን የእጅ ፈትል ነው አሉኝ። ማጉ ላይ ሁለት ሰው አለ። ከዚህ እስከዚህ አንዷ፣ ከዚህ ወዲያ ሌላዋ። እኔ አገላብጬ ባየው አንድ ነጭ ነው። ሳቁብኝና «በዓይንሽ አይደለም፣ ጨፍኚ» አሉኝ። ጨፈንኩ። ጣቴን ይዘው ጋቢው ላይ ቀስ ብለው አስኬዱት። እውነት ነው እማዬ! በአንዱ ወገን ከረር ያለ ነው፣ ጠንከር ብሎ ጣት ይይዛል። በሌላው ወገን ላላ፣ ለስለስ ያለ ነው። ስንት ዓመት ለብሼው አላወቅሁትም።

ጋቢው የተሠራው አያቴ እማሆይ ባረፉ በዓመቱ ነው። ያኔ የእማሆይ ሙዳይ በልቃቂት ሙሉ ሆኖ ከመደቡ ሥር ነበር። እኔና እህቴ እንዳንነካው ከልክለሽን ነበር። በኋላ ሙዳዩ ባዶ ሆነ። የት እንደገባ ጠይቄሽ አላውቅም። እና አሁን ልጠይቅሽ። የእማሆይን ፈትል ነው ከራስሽ ጋር አድርገሽ ያሠራሽልኝ? የከረረው የማንኛችሁ ነው? እኔ የከረረው ያንቺ ይመስለኛል። አንቺ እንጀራውን ጋግረሽ፣ እኛን አስተኝተሽ፣ በኩራዝ ነበር የምትፈትይው፣ ሁልጊዜ እየተጣደፍሽ። እማሆይ ደግሞ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቁ፣ ሳይቸኩሉ። ግን የእማሆይ እጅ በስተርጅና ብርቱ እንደነበርም አስታውሳለሁ። ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ።

እዚያ ግቢ ውስጥ እያንዳንዱ ባለሙያ ፊት ወረቀት ተለጥፏል። ስም፣ ሙያ፣ የመጣበት ሰፈር። የሽማግሌውም ስም አለ። ፈታይ ግን አንድም የለችም። ስሟም የለም፣ እሷም የለችም። ሽማግሌው ፊት የተከመረውን ጋቢ ማግ ማን እንደፈተለው የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። እኔም ብሆን የጋቢዬ ጫፍ ባይተረተር አልጠይቅም ነበር።

ይሄን ስነግራቸው መወርወሪያውን አስቀመጡ። እሳቸው በቀናት የሚጨርሱትን ጋቢ ፈታይዋ ወራት ትቀመጥበታለች አሉኝ። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ብዙ ሴቶች መፍተል አለባቸው። አሁን የእጅ ፈትል እንደ ልብ አይገኝም። የሚያውቁት እናቶች እየደከሙ ነው፣ ልጆቹ አልተማሩም፣ የፋብሪካው ክር ደግሞ ተጠቅልሎ ይጠብቃል። «ሰው እኔን ያመሰግናል። ፈትሉ ባይኖር እኔ ምን ልሠራ ነው?» አሉኝ።

እየተጫወትን አንዲት ሴት መጥታ ነጠላ አነሳች። በማሽን የታተመው በግማሽ ዋጋ አለ ብላ ተከራከረች። ሽማግሌው አልተቆጡም። «ገልብጠሽ እዪው» ብቻ አሏት። የታተመው ጥለት ከጀርባው ይደበዝዛል፣ የእጁ ግን ከክሩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ሳትገለብጠው ሄደች። አዘንኩ።

ልጅ ሳሉ መንገድ ላይ «ቁጢት በጣሽ» እየተባሉ ይሰደቡ እንደነበር አጫወቱኝ። እማሆይ «ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ» እያሉ ያወሩን ነበር፣ አይደል? ያ አዋጅ የወጣው በ1900 ዓ.ም. ነው። ሽማግሌው የተሰደቡት ከዚያ ስንት ዘመን በኋላ ነው! ዛሬ ስድቡ ቀንሷል አሉኝ፣ ደስ አለኝ። የፈታይዋ ስም ግን ያኔም አልተነሳም፣ አሁንም አይነሳም።

ማታ ቤት ገብቼ ስለዚህ ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥጡን ከገበያ ታመጫለሽ። ድንጋዩ ላይ በመዳመጫ ፍሬውን ታወጫለሽ። የወደቀውን ፍሬ መልቀም የኔ ሥራ ነበር፣ እጠላው ነበር። በደጋን ትነድፊዋለሽ፣ ቤቱ በብናኝ ይሞላል፣ እህቴ ታስነጥሳለች። ባዘቶው እንደ ደመና ይሆናል። ከዚያ እንዝርቷን ጭንሽ ላይ ታሾሪያታለሽ፣ ክሩ ከጣትሽ ይወጣል። ልጅ ሆኜ ክሩ ጣትሽ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ቅዳሜ ልቃቂት ይዘሽ ትወጪና ደብተር ይዘሽ ትመለሻለሽ። አንድም ቀን ሥራ እየሠራሽ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ስትቀመጪ የምታደርጊው ነገር ነበር የሚመስለኝ። ይቅር በይኝ።

ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ከአዘጋጆቹ አንዷን፣ ደብተር ይዛ የምትሯሯጥ ወጣት ልጅ፣ አግኝቼ ሁሉንም ነገርኳት። ፈታይ ለምን አልጠራችሁም አልኳት። ደነገጠች። አላሰብንበትም አለችኝ፣ አልዋሸችም። ሽማግሌውም ከጥግ ሆነው «እውነቷን ነው» አሉ። ቀጣዩ ፌስቲቫል ከገና በፊት ነው። ፈታይ ካወቅሽ አምጪልን አለችኝ።

እማዬ፣ አንቺን ነው ያልኳት።

ይሄኔ እጅሽን እያወናጨፍሽ ነው፣ ይታየኛል። «ማን ሊያየኝ፣ ዓይኔም ደክሟል» ትያለሽ። ኩራዙ ሲጠፋ በጨለማ ትፈትዪ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም? ሽማግሌውም ፈትል የጣት ነው ብለዋል። ከአንቺ የምፈልገው ዓርብ ከሰዓት በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ እንደ ድሮሽ እንድትፈትዪ ብቻ ነው። ከሽማግሌው አጠገብ ይሆናል ቦታሽ፣ ተነጋግረናል። ልጆች መጥተው ያያሉ። መሞከር የሚፈልግ ካለ ታሞክሪዋለሽ፣ ክሩን ሲበጥስ ትቆጪዋለሽ። ወረቀቱን እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ፣ ስምሽን በትልቁ። ሙዚቃውንም እንዲቀንሱ ነግሬያታለሁ።

እሑድ እንዝርት እንደማትነኪ አውቃለሁ። እሱንም ነግሬያታለሁ። እሑድ እኔና አንቺ ሥላሴ እናስቀድሳለን፣ እዚያው አራት ኪሎ ነው። ሐሙስ መጥቼ እወስድሻለሁ። አውቶቡስ ጉልበትሽን ስለሚያምሽ ከፊት እናስይዛለን። ጥጡን አንቺ ከምታምኛት ነጋዴ ግዢ፣ ብሩን ለእህቴ ልኬያለሁ። አዲስ እንዝርት እንዳትገዢ። ያቺን አሮጌዋን አምጪ፣ ጭሱ ያጠቆራትን።

አንድ ነገር ቀረ። የጋቢው ጫፍ አልተሠራም። ሽማግሌው በፋብሪካ ክር ብይዘው ያስታውቃል፣ የእናትሽን ፈትል አምጪልኝ ብለው መለሱልኝ። ሙዳዩ ውስጥ የቀረች አንዲት ልቃቂት ካለች ለዚህ ትበቃለች፣ ስትመጪ ያዢልኝ። የእማሆይ ከሆነች ግን ተያት፣ እዚያው ትቀመጥ። አንቺ እዚህ መጥተሽ ትፈትዪልኛለሽ።

ለእህቴና ለልጆቿ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ጉልበትሽን ቅባቱን መቀባት እንዳትረሺ።

ናፋቂ ልጅሽ