ስክሪን ተከራይተን ሠዓሊ አባረርን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የቴአትር መድረክ መብራት ሠራተኛ ነኝ። ሥራ ስጀምር አንዱ ሃሎጅን መብራት 1000 ዋት ይበላ ነበር። ቀለም ለመቀየር መሰላል ወጥቶ ባለቀለሙን ፕላስቲክ መለወጥ ግድ ነው፤ ጣት መቃጠሉም አይቀርም። ዛሬ ኤልኢዲው መብራት ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ የፈለግነውን ቀለም ያወጣል። ዲኤምኤክስ በሚባለው የመብራት መቆጣጠሪያ ሥርዓት አንድ ገመድ 512 ቻናል፣ ማለትም የትዕዛዝ መስመር፣ ይሸከማል፤ ሁሉም ከላፕቶፕ ይታዘዛል። በዚህስ ማን ያማርራል?

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንዳንድ አዘጋጆች ትልቅ ስክሪን ይከራዩና ከኢንተርኔት የወረደ የጎጆ ፎቶ ከጀርባ ይለጥፋሉ። ስክሪኑ ራሱ ብርሃን ስለሚረጭ የተዋናዩ ፊት ይጨልማል። ፊቱን ላብራ ስል ደግሞ ምስሉ ይገረጣል። የመድረኩን ጀርባ ጨርቅ ላይ የሚሥለው ሠዓሊ ግን ገና ብሩሹን ከማንሳቱ በፊት፣ «ፀሐይዋን ከየት በኩል ታወጣታለህ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። አሁን ለኪራይ ብር አለ፣ ለሠዓሊ የለም።

ወጣቶቹ ጎበዞች ናቸው። ብሌንደር ነፃ ሶፍትዌር ስለሆነ በዩቲዩብ እየተማሩ መድረኩን በኮምፒውተር ይነድፋሉ። ክፍያቸው ግን «ላፕቶፕ የሚነካካ ልጅ» ተብሎ ነው የሚቆረጠው። ፖስተር ላይም ስማቸው የለም። ቴአትር ቤቶች እንደ ባለሙያ ቆጥረው ውል ቢፈርሙላቸው ምናለበት?

የመድረክ መብራት ሠራተኛ፣ ከፒያሳ