ሳትጨርሺ አትፍረጂ

የኔ ልጅ፣ እንኳን ተወለድሽ፣ እናቴ።

ጠዋት ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ወንድምሽ ትናንት የነገረኝ ነገር ሆዴ ውስጥ ስላደረ በስልክ ከጀመርኩ መጮሄ አይቀርም፣ ስለዚህ ልጻፍ አልኩ። እናትሽ በልደቷ ቀን እንዳትቆጣት ብላኛለች። እሺ ብያታለሁ፣ ግን ከቻልኩ ነው።

እውነት ነው ወይ? ያን የሱፐርሂሮ ፊልም በሁለት እጥፍ ፍጥነት እያስሮጥሽ አይተሽ፣ መሀል ላይ ሰልችቶሽ ዘግተሽው፣ ከዛ እዛው ሌሊት ሂስ ጽፈሽ ለቀቅሽው? ጭራሽ መጨረሻው ላይ ይሞታል ያልሽው ሰውዬ አይሞትም አሉ! ሰው ደግሞ ያዘሽ፣ ኮመንቱ ሁሉ ስድብ ሆነ፣ አንቺም ሦስት ሌሊት ስልክ ላይ ተጥደሽ አንድ በአንድ ስትመልሺ ታድሪያለሽ አለኝ። በመጀመሪያ ይሄን አንብበሽ ስትጨርሺ ተኚ። የምሬን ነው። ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ አድርጊውና ተኚ፣ ለተሳዳቢ በሌሊት መልስ አይሰጥም።

ስድቡን ተይው፣ ሰው ይሳደባል፣ ይረሳል። እኔን ያመመኝ አንቺ ያላየሽውን አየሁ ማለትሽ ነው። ስንት ጊዜ ነው የነገርኩሽ? ሳትጨርሺ አትፍረጂ። ፊልሙ ይጥላል፣ ያስጠላል፣ ያ ያንቺ መብት ነው፣ ክሬዲቱ እስኪያልቅ ተቀምጠሽ ከዛ እንደፈለግሽ አብጠልጥይው፣ አንድ ቃል አልናገርሽም።

ጽሑፍሽን አንብቤዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ሁሉም አንድ ናቸው ብለሻል፣ ሰማይ ይቀደዳል፣ ከተማ ይፈርሳል፣ ከዛ የሚቀጥለውን ጠብቁ ይሉናል። ግማሹ ልክ ነው እኮ። ሕንፃ ሲወድቅ ክብደቱ ካልተሰማኝ፣ ሥሩ ያለው ሰው ካላሳሰበኝ፣ እኔም ዓይኔ ይከደናል። በ2019 የወጣው የአቬንጀርስ መዝጊያ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ ብለው ሲከራከሩሽም ገንዘብ ምስክር አይሆንም ያልሽው ጎበዝ አስብሎኛል። ግን "ሁሉም" የሚለው ቃል ሰነፍ ቃል ነው ልጄ፣ ሳያዩ የሚጽፉ ሰዎች ቃል ነው። የ1978ቱን ሱፐርማን ረሳሽው? ሱፐርማንን የሚሠራው ክሪስቶፈር ሪቭ የሚወዳት ሎይስ ቤት ቆሞ ማንነቱን ሊነግራት ያስብና መነጽሩን ያወልቃል፣ ጀርባውን ያቃናል፣ ቁመቱ የጨመረ ነው የሚመስለው፣ ድምፁ ራሱ ይወፍራል፣ ከዛ ልቡ ይከዳውና መነጽሩን መልሶ አድርጎ ኩምትር ይላል። ኢፌክት የለም፣ ገመድ የለም፣ አንድ ሰው ጀርባውን ስላቃና ብቻ ሌላ ሰው ሆነ። እሱን በሁለት እጥፍ ፍጥነት ብታዪው ምን ይታይሻል?

ወይ የ2004ቱን ሁለተኛውን ስፓይደርማን ውሰጂ፣ አብረን ያየነውን፣ ሆስፒታሉ ጋ ስትደርሺ ጃኬቴ ውስጥ የተደበቅሽበትን። ሐኪሞቹ የክፉውን ዶክተር ጀርባ ላይ የተጣበቁትን የብረት ክንዶች በመጋዝ ሊቆርጡ ሲሉ ክንዶቹ ይነቃሉ፣ ነርሷ እየተጎተተች ጥፍሯ ወለሉን ሲቧጭር ይሰማል። ዳይሬክተሩ ሳም ሬይሚ ሆረር ሠሪ ነው፣ በ1981 በወጣው አስፈሪ ፊልሙ ነው የታወቀው፣ የድሮውን የጭራቅ ፊልም ይዞ ሱፐርሂሮ ውስጥ አስገባው። ዶክተሩም ያው የጭራቅ ዘር ነው፣ በገዛ ፈጠራው የተበላ ሰው። መጨረሻ ላይ ግን ያን ሁሉ ጥፋት ያመጣውን ማሽን ራሱ ይዞ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። መሀል ላይ ዘግቶ የሄደ ሰው ስለሱ ምን ይጽፋል? ወንጀለኛ ነበር ብሎ ይጽፋል። ለዛ ነው ሳትጨርሺ አትፍረጂ የምልሽ።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ፣ ቀኑም ያንቺ ነው።

አንቺ የተወለድሽ ማታ አባትሽ ከፕሮጀክተር ክፍል በሩጫ ደረሰ የሚባለውን ወሬ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አጎትሽ በየዓመቱ ያወራዋል። ግማሹን ነው የሚያውቀው። ያን ቀን የማሳየው የ1933ቱን ኪንግ ኮንግ ነበር፣ የግዙፉን ጎሪላ ፊልም፣ ያረጀ ኮፒ፣ በየቆርቆሮው የተቀመጠ፣ አንዱ ሪል፣ አንዱ የፊልም ጥቅል ማለት ነው፣ አሥር ደቂቃ ገደማ የሚሄድ። ሁለት ፕሮጀክተር ነበረኝ፣ ስክሪኑ ላይ በቀኝ በኩል ከላይ ጥጉ ጋ ክብ ምልክት ብልጭ ስትል አንዱን ዘግቼ ሌላውን እከፍታለሁ። እናትሽን ምጥ ያዛት የሚል መልእክት የመጣው ጫካ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ነው። የሚተካኝ ሰው አልነበረም። ቆርቆሮዎቹን አየኋቸው፣ ቆጠርኳቸው፣ ከዛ መሀል ላይ ሁለቱን ሪል ዘለልኩ። 20 ደቂቃ።

እነዛ ሁለት ሪሎች ውስጥ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ። ኮንግ የጠለፋትን ልጅ ሊበላ ከመጣው ትልቁ ዳይኖሰር ጋር የሚታገለው፣ መንጋጋውን ሰንጥቆ ከገደለው በኋላ አገጩን ይዞ ከፈት ዘጋ እያደረገ ሞቶ እንደሆነ የሚያየው፣ እንደ ሕፃን። ተራራው ላይ እየደጋገመ የሚያድናት። ያ ሁሉ የለም። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ያየው ኮንግ ሰዎቹን ከግንዱ ላይ ወደ ገደል ሲያራግፍ ነው፣ ከዛ በአንዴ ግዙፉን በር ሰብሮ ሰው ሲረጋግጥ። ልጅቷ እንዴት ከእጁ እንደወጣች እንኳ አልገባቸውም፣ ከኋላ አንዱ አፏጨ፣ ሌላው ሳቀ፣ ከዛ ተዉት።

ያን ፊልም ብዙ ጊዜ አሳይቻለሁ። ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ አውሮፕላኖቹ ሲመቱት ደረቱን ነክቶ ደሙን ያያል፣ ልጅቷን ለመጨረሻ ጊዜ አንስቶ ቀስ ብሎ ያስቀምጣታል፣ ከዛ ይወድቃል፣ ሁሌም እዛ ጋ አዳራሹ ጭጭ ይላል። እኔ በትንሿ ቀዳዳ ሆኜ ያን ጭጭታ እጠብቀው ነበር። ያን ማታ አጨበጨቡ። ሲወድቅ አጨበጨቡ ልጄ። ደረጃ ላይ ስሮጥ አንድ ልጅ እጄን ያዘኝና "ጋሼ፣ ግን ለምን ቀስ ብሎ አስቀመጣት?" አለኝ። አልመለስኩለትም። ቸኩያለሁ አልኩና አለፍኩት። መልሱ እላይ ፕሮጀክተር ክፍሉ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጧል፣ የደበቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

አንቺ ደግሞ እስኪነጋ አልተወለድሽም። ሌሊቱን ሙሉ ኮሪደር ላይ ስንጎራደድ ነው ያደርኩት። ያን 20 ደቂቃ የትም አላደረስኩትም።

ሌሎችም ከኔ በፊት ቆርጠውታል እኮ። ያው ኮንግ በ1938 እንደገና ሲወጣ ሳንሱር ብዙ ነገር አስወጥቶበታል። በ1931ዱ ፍራንከንስታይን የሆነውንማ ራስሽ ጽፈሽበታል፣ ምርጥ ጽሑፍሽ እሱ ነው፣ ጭራቁን የሚሠራው ቦሪስ ካርሎፍ ሐይቁ ዳር ከትንሿ ልጅ ጋር አበባ ውሃ ላይ እያንሳፈፈ፣ አበባው ሲያልቅበት እሷም እንደ አበባው የምትንሳፈፍ መስሎት ይጥላታል። ያን ቆርጠው እጁን ወደሷ ሲዘረጋ ላይ አቆሙት። ተመልካቹ ከዛ በኋላ ልጅቷን የሚያያት አባቷ ሬሳዋን ተሸክሞ ሲመጣ ነው፣ መሀሉን ከፊልሙ የባሰ አድርጎ በራሱ ጭንቅላት ሞላው። እንዲህ ብለሽ የጻፍሽ ልጅ ነሽ! ታዲያ አሁን ምን ነካሽ?

የጃፓኑ ጭራቅ ጎድዚላም እንደዛው። በ1954 መጋቢት አሜሪካኖቹ ቢኪኒ ደሴት ላይ የኑክሌር ቦምብ ሲሞክሩ አመዱ የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ላይ ወረደ፣ በዛው ዓመት ኅዳር ላይ የዳይሬክተር ሆንዳ ጎድዚላ ወጣ፣ እናትየዋ እሳቱ መሀል ልጆቿን አቅፋ የተቀመጠችበት። በ1956 ለአሜሪካ ተቆርጦ፣ ጋዜጠኛ ሆኖ የሚሠራ አንድ አሜሪካዊ ተዋናይ መሀሉ ተለጥፎበት ሄደ። ዋናው ሳይቆረጥ እዛ ሲኒማ ቤቶች በሰፊው የታየው በ2004 ነው። እስከዛ ስንቱ ሃያሲ የላስቲክ እንሽላሊት እያለ ጻፈ መሰለሽ።

ጨርሶ ያየም ይሳሳታል፣ አውቃለሁ። በ1982 የዳይሬክተር ካርፔንተርን የበረዶውን ፊልም፣ «ዘ ቲንግ»ን፣ ሃያሲው አብጠለጠለው፣ ዛሬ ከምርጦቹ ጋር ይቆጥሩታል። እንደዛ መሳሳት አያሳፍርም፣ ሰዎቹ ቁጭ ብለው ያዩትን ነው የጻፉት። ያንቺ ግን ሌላ ነው።

ስለ ፍጥነቱ ደግሞ አንድ ነገር። የኮንግን አሻንጉሊት ዊሊስ ኦብራየንና ረዳቶቹ በእጃቸው ነው ያንቀሳቀሱት፣ የብረት አጽም፣ ላዩ የጥንቸል ፀጉር፣ የጫካው ኮንግ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ትንሽ ያንቀሳቅሱታል፣ አንድ ፍሬም ያነሳሉ፣ ደግሞ ትንሽ፣ ደግሞ አንድ። ለአንዷ የፊልም ሴኮንድ 24 ጊዜ። ፀጉሩ እንደ ንፋስ እየተንቀሳቀሰ የሚታየው በነኩት ቁጥር የጣታቸው ምልክት ስለሚቀር ነው። እንከን ነው የሚል አለ፣ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር እጃቸውን ያየሁ ይመስለኛል። የዛሬውን ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩትም ሰዎች ናቸው፣ አንዱን የካባ ጫፍ ለማወዛወዝ ስንት ሌሊት ያደሩ። አንቺ ጣትሽን ስክሪኑ ላይ ጫን አድርገሽ አስሮጥሽው።

በይ አሁን እንዲህ አድርጊ። ጽሑፉን እንዳታጠፊው፣ ሰው ሸሸች ይላል። ላዩ ላይ ፊልሙን አልጨረስኩትም ነበር፣ ተሳስቻለሁ ብለሽ ጻፊ፣ ሰበብ አትደርድሪ። ከዛ ከመጀመሪያው ጀምረሽ እዪው፣ በራሱ ፍጥነት፣ መነጽርሽን አድርገሽ (ጭንቅላቴን ያመኛል የምትይው እሱን ስለማታደርጊ ነው)፣ ማስታወሻ በወረቀት እየያዝሽ። አሁንም ካስጠላሽ አስጠላኝ በይ። ግን ሳትጨርሺ አትፍረጂ፣ እሺ? ለእናትሽም ደውዪላት፣ የጻፍኩልሽን እንዳትነግሪያት።

ከወንድምሽ ጋር ፖስታ ልኬልሻለሁ። ኮፒው አርጅቶ ሊጣል ሲል ከነዛ ሁለት ሪሎች ቆርጬ ያስቀረሁት ነው፣ አንድ ሴኮንድ፣ ርዝመቱ ልክ እንደ አሻንጉሊቱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ። አገጩን ከፍቶ የሚዘጋበት ጋ ነው። ጠርዝ ጠርዙን ያዢ፣ መሀሉን በጣትሽ እንዳትነኪው። መስኮት ጋ ሄደሽ በብርሃን እዪው፣ ፀጉሩን ልብ በይ፣ 24ቱንም ቁጠሪያቸው።

አባትሽ