ዶፓሚን «የደስታ ሆርሞን» ብቻ ነው እንዴ?

ለአዘጋጁ፣

ሙገሳ አእምሯችን ላይ ስለሚያደርገው ነገር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ዶፓሚን የተባለውን የአእምሮ ኬሚካል «የደስታ ሆርሞን» ብላችሁ ማለፋችሁ ቅር አሰኝቶኛል። የአእምሮ ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትስ በጦጣዎች ላይ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ የዶፓሚን ሴሎች ይበልጥ የሚነቁት ሽልማቱ ሳይጠበቅ ሲመጣ ነው። የተጠበቀው ሲቀር ደግሞ ጭጭ ይላሉ። በየቀኑ «ጎበዝ!» የሚል አለቃ ሙገሳው የማይሞቀን ለዚህ ይመስለኛል። ዝምተኛው አንዴ ሲያመሰግን ግን ቀኑን ሙሉ ፈገግ እንላለን።

ጭራሽ የዘለላችሁት ደግሞ ፉክክርን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ሥራ አለ። ሁለት ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን በነበሩ የአእምሮን እንቅስቃሴ በሚያሳዩ የኤምአርአይ ማሽኖች ውስጥ አስተኝተው ስክሪን ላይ የሚታዩ ነጥቦችን ብዛት አስገመቷቸው። በትክክል የገመተ ይከፈለዋል። የራሱ ክፍያ ሳይነካ ጓደኛው የበለጠ ሲያገኝ፣ ቬንትራል ስትራያተም የተባለው የአእምሮ የሽልማት ክፍል ምላሹ ቀነሰ። ገንዘቡ እኮ ያው ነው! ቅናት በሉት ሌላ፣ አእምሯችን የጎረቤትንም ኪስ ይቆጥራል።

በሚቀጥለው ዕትም ይህንንም ብታነሱት ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ