ደብዳቤ ለልጄ፦ እኔም አስመስዬ ነው ያሳደግኩሽ

ልጄ እንዴት ነሽ? ትንሿስ? ትላንት ባልሽ ደውሎ ነገረኝ፣ ደግሞ ለምን ተናገርክ ብለሽ እንዳትቆጪው፣ ጨንቆት ነው። ሌሊት ሌሊት ሽንት ቤት ገብተሽ እንደምታለቅሺ፣ «ይቺ ልጅ ደህና እናት ነበር የሚገባት፣ እኔ እናት ነኝ እያልኩ እያታለልኳት ነው» እንዳልሽው። በስልክ እንዳላወራሽ ድምፅሽን ስሰማ እኔው ቀድሜ እንደማለቅስ አውቃለሁ፣ ለዛ ነው የምጽፍልሽ። አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ፣ እንዳትደብቂ።

አንቺን የወለድኩ ጊዜ ነርሷ በር ላይ ቆማ «የሕፃኗ እናት!» ብላ ስትጣራ ዞር ብዬ እናቴን ነው የፈለግኩት። እውነቴን ነው። አያትሽ «አንቺን እኮ ነው» ብላ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅኩም። ከዛን ቀን ጀምሮ የሆነ ሰው መጥቶ «ይቅርታ ተሳስተን ነው፣ ልጅቷን መልሺ» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር፣ ስንት ዓመት ሙሉ፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ እንኳን የገባኝ መስዬ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ እመለስ ነበር።

በቀደም ስልኬ ላይ ሳነብ ለካ ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ1978 ፓውሊን ክላንስና ሱዛን ኢምስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስቶች ጽፈውበታል፣ ኢምፖስተር ይሉታል፣ አስመሳይ እንደማለት ነው። እነሱ ያዩት በትምህርትና በሥራ የተሳካላቸውን ሴቶች ነው፣ ዲግሪያቸውን ይዘው «አንድ ቀን ይነቃብኛል» እያሉ የሚኖሩትን። ዲግሪስ ወረቀት አለው፣ የእናትነትን ወረቀት ማን ይሰጥሻል?

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ፣ አባትሽም አያውቅም። አራት ወር ሆኖሽ ነበር። አልጋ ላይ አስተኝቼሽ ፎጣ ላነሳ ዞር አልኩ፣ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። መገልበጥ መጀመርሽን አላወቅኩም። ዱብ! ከዛ ዝም። ያቺ ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች። ከዛ ጮህሽ። ይዤሽ ሮጥኩ፣ ለቅሶዋ አላምር ብሎኝ ነው አልኩ፣ ዶክተሩ በትንሽ መብራት ዓይንሽን እያየ «ወድቃ ነው እንዴ?» አለኝ። «ኧረ በፍጹም!» አልኩት። ይታይሽ፣ አንቺን ሊያክም የሚጠይቀኝን ሰውዬ ዋሸሁት፣ አንቺ ምን እናት ነሽ እንዳይለኝ ፈርቼ። ሌሊቱን ሙሉ እጄን ደረትሽ ላይ አድርጌ ትንፋሽሽን ስቆጥር አደርኩ። ደህና ሆንሽ፣ በኔ ጉብዝና ግን አይደለም። የወደቅሽው አይደለም የሚቆጨኝ፣ ልጅ ይወድቃል፣ ውሸቴ ነው። ስለዚህ እንዳትደብቂ።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። ልጅ ሆነሽ ትኩሳት ሲይዝሽ ግንባርሽን ነክቼ «ይሄማ ምንም አይደል» እልሽና ሌላ ክፍል ገብቼ በሹክሹክታ ለአያትሽ እደውል ነበር። አንቺ ያየሽው ሁሉን የምታውቀዋን ሴትዮ ነው። አሁን ራስሽን የምታወዳድሪው ከሷ ጋር ነው፣ እሷ ደግሞ አልነበረችም።

ትኩሳት ካነሳሁ አይቀር፣ በእጅ አትለኪ፣ ቴርሞሜትር ግዙ። ሦስት ወር ሳይሞላት 38 ዲግሪ ከገባ እኔ ጋ አትደውዪ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ሐኪም ቤት። ሁሌ በጀርባዋ አስተኚያት። ለቅሶዋ ከአቅምሽ በላይ ከሆነ አልጋዋ ላይ አድርገሽ ትንሽ ውጪና ተንፍሺ፣ መነቅነቅ ግን ጭራሽ የለም፣ ባልሽም ይስማ። ያንቺ ነገር ደግሞ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆድ መባስ ብዙ አራስ ላይ ያለ ነው፣ ያንቺ ግን ስድስተኛ ሳምንቱን ያዘ። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ ሐኪም የሚያየው ነገር ነው። ሐሙስ ለክትባት ስትወስጃት ስለራስሽም ተናገሪ፣ ሲጠይቁሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ እንዳትወጪ፣ በሞቴ! ራስሽን ወይ እሷን የሚጎዳ ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ሐሙስን አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ባልሽን ቀስቅሺውና ሂዱ። እንዳትደብቂ አልኩሽ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ልጅቷን ትሰጪኝና ትተኛለሽ፣ ቤቱን ላጽዳ ምናምን የሚባል ነገር እንዳልሰማ።

ይሄን ደብዳቤ አባትሽ እንዳያየው ልልሽ ነበር። ተይው፣ ዛሬ ማታ እኔው እነግረዋለሁ።

እናትሽ