ለናስሮ፦ ስለ እናትህና ስለ ስኩተሩ

ሰላም ናስሮ፣ እንዴት ከረምክ? ከተጻጻፍን ዘመን ሆነን። አንተም በሥራ፣ እኔም በልጆች፣ እንዲሁ ዝም እንደተባባልን ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። ናፍቀኸኛል። ዛሬ የጻፍኩልህ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። አትደንግጥ፣ እናትህ ደህና ናቸው።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ፣ ዘንቢላቸውን ይዘው ከመርካቶ ጥግ ጥጉን ሲመለሱ፣ አንድ ልጅ ቆመው በሚነዱት የኤሌክትሪክ ስኩተር ከኋላ መጥቶ ትከሻቸውን ገጭቷቸው አለፈ። እዚያው ቁጭ አሉ። ሽንኩርቱ ተንከባሎ ቦይ ገባ። መዳፋቸው ትንሽ ተላጠ እንጂ አጥንታቸው አልተነካም፣ አልሃምዱሊላህ። ማታ ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ ልጁ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። «ድምፁን ብሰማ እኮ ዞር እልለት ነበር» ነው ያሉኝ። እውነታቸውን ነው። ባጃጅ ገና ከሩቁ ይሰማል፣ ጋሪም ቢሆን የፈረሱ ኮቴ ይነግርሃል። ይኼኛው ግን አጠገብህ እስኪደርስ ትንፍሽ አይልም።

ሰፈር ውስጥ ከዚያ ወዲህ ወሬው ይኸው ሆኗል። ግማሹ «ሳይክል ነው፣ ለሳይክል ደግሞ ምን ሕግ ያስፈልገዋል» ይላል፣ ግማሹ «ድራሹ ይጥፋ፣ ይከልከል» ይላል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ነዳጅ ፍለጋ ተሰልፎ ለሚውል ሰው፣ በየቀኑ የጅሬንን ዳገት ለሚወጣ ሠራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ሳይክል ትልቅ እፎይታ ነው። ፓሪስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ሕዝቡን ጠይቃ ያስወጣችው የኪራይ ስኩተሮችን ነው። ድምፅ ከሰጡት 89 በመቶ ያህሉ ይውጡ አሉ፣ ድምፅ ሊሰጥ የወጣው ግን ከመራጩ 8 በመቶ እንኳ አይሞላም። የራሱን ስኩተር የገዛ ሰው እዚያም ዛሬ ድረስ ይነዳል።

እኔን የገባኝ የአንተ አገር፣ የጀርመኖቹ አካሄድ ነው። ሁሉንም በአንድ ከረጢት አልከተቱትም። ፔዳል ስትመታ ብቻ የሚያግዝህ፣ ሞተሩ ከ250 ዋት የማያልፍ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ እገዛውን የሚያቆም ከሆነ እንደ ማንኛውም ሳይክል ይታያል፣ መንጃ ፈቃድም ኢንሹራንስም አይጠየቅም። እስከ 45 ኪሎ ሜትር የሚያግዘው ግን መንጃ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስና ሄልሜት ግድ ነው። ልክ ናቸው። በ45 የሚመጣ ነገር ሲመታህ ጉልበቱ በ25 ከሚመጣው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፣ ፍጥነት ሲጨምር ምቱ በዚያው ልክ ብቻ አይደለም የሚጨምረው። ቆመህ የምትነዳው ስኩተር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የራሱ ሕግ አለው፦ ፍጥነቱ ከ20 አያልፍም፣ ከ14 ዓመት በታች አይነዳውም፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚወጣበት፣ ኢንሹራንስ የተለጠፈበት፣ ሁለት ፍሬን፣ መብራትና ደወል ያለው መሆን አለበት፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ደግሞ ዝር አይልም።

እናትህን የመታው ልጅ ደወል አልነበረውም። ከኋላው ጓደኛውን ጭኖ ነበር። የሚሄደውም በእግረኛው ጠርዝ ነው። በሦስቱም ነጥብ ይያዝ ነበር ማለት ነው። እዚህ ላይ የእኛን መንገድ ጨምርበት። የስኩተር ጎማ ትንሽ ናት፣ ኮብልስቶኑ ስንጥቅ ውስጥ ትሰነቀራለች፣ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ፍሬን ብትይዝ እንኳ ትንሸራተታለች። የጅማን ዝናብ ለአንተ አልነግርህም።

ባትሪውም ያሳስበኛል። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከእነዚህ ሊቲየም ባትሪዎች በተነሣ እሳት 18 ሰው ሞቷል፤ ከተማዋም በዚያው ዓመት የደህንነት ደረጃውን ያላሟላ እንዳይሸጥ ደነገገች። እኛ ጋ ሰው ቀኑን ሙሉ ነድቶት ማታ በር ሥር ሰክቶት ይተኛል። እሳት ቢነሣ የሚወጣበት ያ በር ብቻ ነው! ለጎረቤቶቼ ቢያንስ ይኼን ደጋግሜ እየነገርኩ ነው፦ የራሱን ቻርጀር ተጠቀሙ፣ ነቅታችሁ ሳላችሁ ሰኩት፣ ያበጠ ወይም የተመታ ባትሪ አትንኩ።

ቀጣዩ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ላነሣው ቆርጫለሁ። ገና አንድ ሁለት እያለ የሚገባ ነገር ስለሆነ አሁን መስመር ማስያዙ ቀላል ነው፣ በየቤቱ ከገባ በኋላ ማን ይሰማል? ደወል፣ መብራት፣ አንድ ሰው፣ ከእግረኛ መንገድ መውረድ፣ የዕድሜ ገደብ። ለጊዜው ከዚህ በላይ አልጠይቅም። አንተ የምታግዘኝ፣ እዚያ ፖሊሱ በተግባር እንዴት እንደሚቆጣጠር ጻፍልኝ። ፍጥነቱን በምን ይለካል? ቅጣቱስ ወላጅ ላይ ነው ልጁ ላይ? ወረቀት ላይ ያለውን አንብቤዋለሁ፣ መንገድ ላይ ያለውን ነው የፈለግኩት።

ለእናትህም ደውልላቸው፣ እኔ እንደነገርኩህ ግን አትበል፣ «አታስጨንቀው» ብለውኛል። ስትመጣ ደግሞ ለትልቁ ልጄ አንድ ሄልሜት ያዝለት። 13 ዓመቱ ነው፣ ሳይክል ገዝቼለታለሁ፣ ባለ ፔዳሉን ብቻ። የጭንቅላቱ ዙሪያ 54 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ለክቼዋለሁ።