በደም ውስጥ ያለን መድኃኒት በኤሌክትሪክ ስለመለካት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

እንደ ሊቲየም (የአእምሮ ሕመም መድኃኒት) እና ቫንኮማይሲን (ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት) ያሉ፣ በሚፈውሰውና በሚጎዳው መጠናቸው መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ የሆነባቸው መድኃኒቶች በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሆኑ መከታተል ግድ ነው፤ ሊቲየም በሊትር ከ1.5 ሚሊሞል ሲያልፍ ሊመርዝ ይችላል። የተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራ ግን ውጤቱ እስኪደርስ ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ሐኪሙ የሚያየው ያለፈውን መጠን ነው።

ይህን መዘግየት ለማስቀረት፣ መድኃኒቱን እዚያው በደም ውስጥ የሚለኩ ዳሳሾች (ሴንሰሮች) በምርምር ላይ ናቸው፤ አንዱ ዓይነት በወርቅ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ጫፍ) ላይ የተተከለ አጭር የዲኤንኤ ሰንሰለት አለው፤ መድኃኒቱ ሲጣበቅበት ሰንሰለቱ ቅርጹን ስለሚለውጥ፣ በጫፉ ያለው ሜቲሊን ብሉ የተባለ ቀለም ከኤሌክትሮዱ ጋር ኤሌክትሮን የሚለዋወጥበት ፍጥነት ይቀየራል፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላውም ከዚህ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለውጥ ነው። ደጋፊው ብሆንም፣ ዳሳሹ በደም ውስጥ ሲቆይ ምልክቱ እየደከመ መሄዱ ያሳስበኛል፤ ስለዚህ ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር በየጊዜው ሳይመሳከር ለሕክምና ውሳኔ ብቻውን ሊታመን አይገባም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ