ኤግዘምፕሽኑ ከክፍያ በፊት በጽሑፍ ይሰጥ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

«ሁለተኛ ዲግሪ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው ማስተርስን ነው። ዲግሪ ይዘው በሌላ ሙያ እንደገና የመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር የሚመለሱት ግን መጠሪያ ስም እንኳ የላቸውም። ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) በብዙ ቦታ ከየትኛውም ዘርፍ የመጣን ይቀበላል፤ ጠበቃ ወይም መሐንዲስ ለመሆን ግን በዚያው ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ የግድ ነው። እነዚህን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰናክላቸው ትምህርቱ ሳይሆን ወረቀቱ ነው፤ በተለይም ኤግዘምፕሽን፣ ማለትም ቀድሞ የተማሩትን ኮርስ አዲሱ ኮሌጅ ተቀብሎ እንደተወሰደ መያዙ።

ወረቀቱ የሚጀምረው ከድሮው ሬጅስትራር ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (ለሌላ ተቋም የሚላክ የውጤት ማስረጃ) የሚያገለግለው ፖስታው ታሽጎ፣ መዝጊያው ላይ ማኅተም አርፎበት ሲደርስ ነው፤ ተማሪው ከከፈተው እንደ ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው ለራሱ እንደሚሰጥ ቅጂ) ይቆጠራል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳው ካልተዘጋ ኦፊሻሉ አይላክለትም። መሥሪያ ቤቱ ከደመወዝ ሲቆርጥ መቆየቱ ብቻ አይበቃም፤ የተቆረጠው ለግብር ሰብሳቢው ገቢ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ሥራ የቀያየረ ሰው ከየመሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ማሰባሰብ ስላለበት፣ ምዝገባው ሲቃረብ ሳይሆን ወራት ቀደም ብሎ ይጀምር።

ትልቁ ጣጣ ኤግዘምፕሽን ነው። የኮርስ ስም መመሳሰል ዋጋ የለውም፤ ዲፓርትመንቱ የሚያየው ኮርስ አውትላይኑን (የኮርሱን ይዘት ዝርዝር) ነው። ከአካውንቲንግ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚሄድን ሰው እንውሰድ። እንግሊዝኛውና ስታቲስቲክሱ ሊያዙለት ይችላሉ። የማኔጅመንት ሒሳቡ ግን በማትሪክስ፣ በሊኒየር ፕሮግራሚንግና በወለድ ስሌት ላይ ያተኮረ ስለሆነ በካልኩለስ ምትክ አይያዝም። ቁጥሩም ያሳስታል፦ በሞጁላር ሥርዓት (ኮርሶች በሞጁል ተቧድነው በሚሰጡበት) የተማረ ሰው ትራንስክሪፕቱ ላይ 5 የሚል ቢያይ ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር) ነው፤ በክሬዲት አወር 3 ነው። በ2012 ዓ.ም. ከተጀመረው የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች) ፕሮግራም በፊት የተመረቀ ደግሞ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ ግሎባል ትሬንድስና የመሳሰሉት ጎድለውት ስለሚገኙ እነሱን እንዲወስድ ይጠየቃል።

ስድስት ሰባት ኮርስ የተያዘለት ሰው አንድ ዓመት የሚያተርፍ ይመስለዋል። የሚያተርፈው ግን ክፍያውን ነው። ፕሮግራሚንግ ሳይወሰድ ዳታ ስትራክቸር፣ ዳታ ስትራክቸር ሳይወሰድ አልጎሪዝም አይወሰድም፤ በማታው ክፍል ደግሞ አንድ ኮርስ ብዙ ጊዜ በዓመት አንዴ ብቻ ይከፈታል። ከሰንሰለቱ አንዱን የጣለ ሰው ሌላው ሁሉ ቢያዝለትም ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ «ስንት ኮርስ ያዛችሁልኝ?» ከማለት «በየሴሚስተሩ የሚከፈተውን አሳዩኝ» ማለቱ ይሻላል።

የኮሌጁ ፈቃድም በአንድ ቃል አይታለፍም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው በካምፓስ፣ በፕሮግራምና በአሰጣጥ ነው። አንድ ካምፓስ ለመደበኛ ትምህርት ያገኘው ዕውቅና ሌላውን ካምፓስ ወይም የርቀት ትምህርቱን አይሸፍንም። ደብዳቤው ላይ የካምፓሱን ስምና የሚያበቃበትን ቀን ማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የመውጫ ፈተናውም አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ 50 በመቶ ማምጣት አለበት፣ የቀድሞው ዲግሪ ከዚህ ነፃ አያወጣም።

በጣም የሚያሳዝነው በቃል የተሰጠ ተስፋ ነው። ሲመዘገብ «ይያዝልሃል» የተባለ ተማሪ ሊመረቅ ሴሚስተር ሲቀረው ፋይሉ ውስጥ ምንም የለም፤ ቃል የሰጠው የዲፓርትመንት ኃላፊም ተቀይሯል። ኮሌጆች የተያዘውን ኮርስ በኮድ፣ በክሬዲትና በግሬድ ዘርዝረው፣ የዲፓርትመንቱና የሬጅስትራሩ ፊርማና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ለተማሪው እንዲሰጡ፣ ባለሥልጣኑም ቁጥጥር ሲያደርግ የተማሪዎችን ፋይል ከፍቶ ይህን ደብዳቤ እንዲፈልግ በጋዜጣችሁ በኩል እንጠይቃለን።

የሬጅስትራር ባለሙያዎች
ከአዲስ አበባ